የትንፋሽ አልኮል መመርመሪያ መሣሪያ ምን ያህል ይታመናል? ከመተማ ሙቀት እስከ ፍርድ ቤት ማስረጃ

ገንዳ ውኃ፦ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ኮኪትና መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ፋታ የለውም። ወደ ታች የሚወርዱት መኪናዎች ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡ ወቅታዊ ሠራተኞችን ያመጣሉ፤ ወደ ላይ የሚመለሱት ኩንታል ጭነዋል። ሰሊጥ ጊዜው ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ከቆባው እየተራገፈ መሬት ላይ ይቀራልና ሁሉም ይቸኩላል። ገበሬው ይቸኩላል፣ ደላላው ይቸኩላል፣ አሽከርካሪውም ሌሊቱን ጨምሮ ይነዳል። በየከተማው የመንገድ ዳር ቤቶች ደግሞ ቢራውም፣ ጠላውም፣ አረቄውም አለ። ምርት በተሸጠ ማግሥት ገንዘብ በእጅ ሲገባ የሚጠጣው መጠን ከፍ እንደሚል ቆላውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ጠጥቶ የሚያሽከረክር ሰው የሚያጠፋው የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም። ከኋላው በጭነት ላይ የተቀመጡ ሠራተኞች አሉ፤ ከፊቱ ከብት የሚነዳ እረኛ፣ መብራት የሌለው ጋሪና ባጃጅ አለ። ስለዚህ አሽከርካሪን በትንፋሽ መመርመር አስፈላጊ ስለመሆኑ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ሌላ ቦታ ነው። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ አንድ ጊዜ ተነፍቶባት የምታሳየው ቁጥር ምን ያህል እውነት ነው? የጠጣውን ነጻ ልታወጣ፣ ያልጠጣውን ልትወነጅል ትችላለች ወይ?

ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይደነግጋል። እንደ አሽከርካሪ ያለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ይህን ሲፈጽም ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ለኃላፊነት ወደማይበቃ ሁኔታ አስገብቶ ከሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይሆናል። እንግዲህ አንድ አሽከርካሪ ሰው ገጭቶ በተያዘበት ሌሊት የተወሰደች አንዲት የትንፋሽ ንባብ በሁለቱ ቅጣቶች መካከል ያለውን ልዩነት ልትወስን ትችላለች። ቁጥሯ በትክክል ካልተለካች የሟች ቤተሰብም፣ ተከሳሹም፣ ፍርድ ቤቱም አብረው ይሳሳታሉ።

አልኮል ከደም ወደ ትንፋሽ እንዴት ይደርሳል?

የተጠጣ አልኮል ከሆድና በተለይም ከቀጭኑ አንጀት ወደ ደም ይገባል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ዙሪያ ሲያልፍ ከአልኮሉ ጥቂቱ ይተንና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። በክዳን የተዘጋ የጠላ ጋን ሲከፈት ሽታው ቀድሞ እንደሚወጣው ማለት ነው። ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ ስላለው አልኮል ይናገራል። በሙቀት መጠን ላይ ተመሥርቶም በሁለቱ መካከል የታወቀ ምጣኔ አለ።

ምጣኔው በአማካይ 2 ሺህ 100 ለ1 ተብሎ ይወሰዳል። በ2 ሺህ 100 ሚሊ ሊትር የጥልቅ ሳንባ አየር ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው እንደማለት ነው። አሜሪካ ይህንኑ ቁጥር ስትጠቀም በርካታ የአውሮፓ አገሮች 2 ሺህ ለ1፣ ብሪታንያ ደግሞ 2 ሺህ 300 ለ1 ይጠቀማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት ለኢትዮጵያ ያሰፈረው ወሰን በ1 ዴሲ ሊትር ደም 0.08 ግራም፣ ማለትም በ1 ሊትር ደም 0.8 ግራም ነው። ይህን በ2 ሺህ ለ1 ስሌት ወደ ትንፋሽ ብንመልሰው በ1 ሊትር ትንፋሽ 0.40 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ2 ሺህ 100 ብናሰላው 0.38፣ በ2 ሺህ 300 ደግሞ 0.35 ይመጣል። ሰውየው ያው ነው፣ ደሙም ያው ነው። የተለወጠው ማካፈያው ብቻ ነው።

ይህ ምጣኔ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ሁላችንም 2 ሺህ ወይም 2 ሺህ 100 ሆነን አልተፈጠርንም። የአንዱ 1 ሺህ 800፣ የሌላው 2 ሺህ 500 ሊሆን ይችላል። መሣሪያው በ2 ሺህ ለ1 የሚያሰላ ከሆነ የመጀመሪያው ሰው ደሙ ውስጥ ያለው 0.72 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ ከወሰኑ ላይ የደረሰ ይመስላል። ሁለተኛው ግን በ1 ሊትር ደሙ 1 ሙሉ ግራም ተሸክሞ ልክ ወሰኑ ላይ ብቻ ያለ ይመስላል። በአብዛኛው ሰው ላይ እውነተኛው ምጣኔ ከ2 ሺህ 100 ከፍ ያለ በመሆኑ የትንፋሽ ምርመራ የደም አልኮልን ዝቅ አድርጎ ወደማሳየት ያደላል። በሌላ አነጋገር ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ለአሽከርካሪው የሚያደላ ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንድ ሰው ጠጥቶ ሳይቆይ፣ አልኮሉ ገና ወደ ደም እየገባ ባለበት ሰዓት ቢመረመር ትንፋሹ ከክንዱ ደም ሥር ከሚቀዳ ደም ከፍ ያለ ንባብ ሊያሳይ ይችላል።

ከማዳበሪያው አናት የተወሰደ ናሙና

በመተማና በገንዳ ውኃ ሰሊጥ ለኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ያስረከበ ሁሉ የናሙና አወሳሰዱን ያውቃል። መዛኙ ከማዳበሪያው አናት አንድ እፍኝ ዘግኖ ደረጃ አይሰጥም። ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም ብረት እየወጋ ከላይም፣ ከመሀልም፣ ከሥርም ያወጣል። አናቱ ላይ ያለው ሰሊጥ ተነፍቶ የተጣራ፣ ሥሩ ደግሞ አሸዋ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና ነው።

ትንፋሽም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው የአፍና የጉሮሮ አየር የማዳበሪያው አናት ነው፤ ስለ ደም የሚናገረው ግን መጨረሻ ላይ የሚወጣው የጥልቅ ሳንባ አየር ነው። መርማሪው ሳያቋርጡ ረዥም እንዲተነፍሱ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። አጭር እፍታ የተነፈሰ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል። አንዳንዱ አውቆ ያደርገዋል፤ አስም ያለበት ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ አቅም አንሶት ያደርገዋል። ትንፋሽን 30 ሰከንድ ያህል ይዞ ቆይቶ መንፋት ንባቡን በ15 በመቶ ገደማ ከፍ ሲያደርግ፣ ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ መንፋት በ10 በመቶ ገደማ ዝቅ እንደሚያደርገው በጥናት ተለክቷል።

ከሁሉ የከፋው የናሙና ስሕተት አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ነው። አንድ መለኪያ አረቄ ጎንጭቶ ወዲያው የሚነፋ ሰው ደሙ ውስጥ ገና ምንም ሳይገባ መሣሪያው ራሱን የሳተ ሰካራም ያስመስለዋል። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ፣ አንዳንድ የሳል ሽሮፕ፣ ከሆድ ወደ አፍ የመለሰ ቃርና ማግሳትም ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ 15 ደቂቃ መጠበቅ። በአፍ የቀረው አልኮል በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጠፋል፤ ከደም የሚመጣው ግን አይጠፋም። በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ተመርማሪው እንዳይበላ፣ እንዳይጠጣ፣ እንዳያጨስ መርማሪው ዓይኑን ሊጥልበት ይገባል። ቢያገሳ ወይም ቢያስመልስ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። መንገድ ላይ መኪና ተሰልፎ እያለ አንድን ሰው ሩብ ሰዓት ማቆየት አታካች መሆኑ አይካድም። ያለ እርሱ የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር ግን ለፍርድ ቤት ቀርቶ ለመንገድ ላይ ክርክርም አይበቃም።

በሰፈር የሚወሩት መላዎች ግን አይሠሩም። ሽንኩርት መብላት፣ ሚንት ማላመጥ፣ ቡና መጠጣት፣ ሳንቲም አፍ ውስጥ መያዝ ሽታን ይቀይሩ እንደሆነ እንጂ ከሳንባ የሚመጣውን አልኮል አይቀንሱም። መሣሪያው ሽታ አያሸትም።

በመሣሪያው ሆድ ውስጥ

የትንፋሽ ምርመራ ታሪክ ሩቅ አይደለም። አሜሪካዊው የኢንዲያና ክፍለ ግዛት የፖሊስ ባልደረባ ሮበርት ቦርከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1954 የሠራው መሣሪያ ትንፋሹን ፖታሺየም ዳይክሮሜት ባለበት ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ አሳልፎ የቀለሙን መድብዘዝ ይለካ ነበር። አልኮል በበዛ መጠን ቢጫው ይጠፋል። ዛሬ በፖሊስ እጅ የሚታዩት ትንንሽ መሣሪያዎች በአብዛኛው ፊዩል ሴል የሚባለውን ክፍል ይጠቀማሉ። አልኮሉ በፕላቲኒየም በተለበጠ ገጽ ላይ ሲቃጠል አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ የኃይሉ መጠን የአልኮሉን መጠን ይነግራል። በፖሊስ ጣቢያ የሚቀመጡት ትልልቆቹ ደግሞ በኢንፍራሬድ ጨረር ይሠራሉ። አልኮል የተወሰነ የጨረር ዓይነት ስለሚውጥ ምን ያህል ጨረር እንደተዋጠ ይለካል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ በርካሽ ዋጋ ለግለሰብ የሚሸጠውና በሴሚኮንዳክተር የሚሠራው። ይህኛው አልኮልን ከሌሎች ጋዞች በሚገባ አይለይም። የስኳር ሕመሙ ከቁጥጥር ውጪ የሆነበት ሰው ትንፋሹ ውስጥ የሚገኘውን አሴቶን፣ የሲጋራ ጭስንም እንደ አልኮል ሊቆጥር ይችላል። ፊዩል ሴል ለአሴቶን ምላሽ አይሰጥም። ስለዚህ «የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ሰክሯል ይባላል» የሚለው ፍርሃት በርካሾቹ መሣሪያዎች ላይ እንጂ በደረጃቸው በተሠሩት ላይ ብዙም ቦታ የለውም። የመርማሪው እጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሳኒታይዘር የታሸ እጅ ሳይደርቅ መሣሪያውን ቢይዝ የሚተንነው አልኮል ራሱ ወደ መሣሪያው ሊገባ ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ከምርመራ በፊት በዙሪያው ያለውን አየር ስቦ ዜሮ ማሳየት የሚኖርበት ለዚህ ነው። ዜሮው ሳይታይ የተጀመረ ምርመራ ሚዛኑ ባዶውን ሳይታይ እንደተመዘነ ሰሊጥ ነው።

ሙቀቱ፣ ወባውና የደጋው አየር

እስከዚህ የተባለው ለየትኛውም አገር ይሠራል። መተማ ግን የራሷ ጉዳይ አላት። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ ከውጪው አየር በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። እያንዳንዱ መሣሪያ ሊሠራበት የሚችለው የሙቀት ወሰን በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ የአንዳንዱ ጣሪያ 40 ዲግሪ፣ የአንዳንዱ 50 ነው። ከጋቢና ተነሥቶ ወዲያው ሥራ የጀመረ መሣሪያ ከወሰኑ አልፎ ሊሆን ይችላል። ደረቅና ሞቃት አየር የፊዩል ሴሉንም ዕድሜ ያሳጥራል። ለቆላ የሚገዛ መሣሪያ ከዋጋው በፊት የሙቀት ወሰኑ ቢነበብ ይሻላል። ይህን የምለው የክትባት መድኃኒት ማቀዝቀዣ ሳጥን እንዴት በጥንቃቄ እንደሚያዝ ስላየሁ ነው፤ የመለኪያ መሣሪያም ያን ያህል እንክብካቤ ይፈልጋል።

የሰውም ሙቀት ይቆጠራል። ከሳንባ የሚወጣ ትንፋሽ በአማካይ 34 ዲግሪ ነው ተብሎ ይታሰባል። ትንፋሹ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ከደም የሚተንነው አልኮል በ6 እና በ8 በመቶ መካከል ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት የተመራማሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች የሰውነት ሙቀታቸው በ2.5 ዲግሪ ከፍ እንዲል ተደርጎ ሲመረመሩ የትንፋሽ ንባቡ ከእውነተኛው እስከ 23 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ምዕራብ ጎንደር ቆላ የወባ አገር ነው። ትኩሳቱ 39 እና 40 የደረሰ ሰው ባይነዳ ይመረጣል፤ ሲነዳ ተይዞ የሚመረመር ከሆነ ግን ንባቡ ወሰኑ አካባቢ ከሆነ ትኩሳቱ አብሮ መመዝገብ አለበት። የትንፋሹን ሙቀት ራሳቸው ለክተው ንባቡን የሚያርሙ መሣሪያዎችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ከሙቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው የማያስበው የከፍታ ጉዳይ አለ። ማንኛውም መሣሪያ በየጊዜው መጠኑ ከታወቀ የአልኮል አየር ጋር ይመሳከራል፤ ባለሙያዎች ካሊብሬሽን ይሉታል። በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ሁለት የእህል እርጥበት መለኪያዎች አንዱን በቆሎ አንዱ 11 በመቶ፣ ሌላው 14 በመቶ ብለውን ተከራክረን ነበር። መምህራችን ምንም ሳይናገር በቆሎውን መዝኖ ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ ደርቆ ሲወጣ እንደገና መዘነው። ከምድጃው ጋር የተስማማው መለኪያ እውነተኛ፣ ሌላው ካሊብሬሽን የቀረበት ሆነ። የትንፋሽ መሣሪያም «ምድጃ» ይፈልጋል።

ለዚህ የሚያገለግሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው አልኮል የተቀላቀለበት ውኃ በ34 ዲግሪ እየሞቀ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ሁለተኛው በሲሊንደር የታሸገ ደረቅ ጋዝ ነው። ደረቁ ጋዝ ለመጓጓዝ ይመቻል፤ በሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው መጠን ግን በባሕር ወለል የአየር ግፊት የተሰላ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በአምስተኛ እጅ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ከሲሊንደሩ የሚወጣው እያንዳንዱ ሊትር ጋዝ የሚይዘው አልኮልም በዚያው ልክ ያንሳል። ባለሙያው ይህን ሳያርም 0.40 የተጻፈበትን ጋዝ ለመሣሪያው «ይህ 0.40 ነው» ብሎ ቢያስተምረው መሣሪያው በእውነቱ 0.31 የሆነውን 0.40 ብሎ መጥራት ይለምዳል። ከዚያ በኋላ የሰውን ትንፋሽ ሁሉ ከሩብ በላይ አስበልጦ ያነባል። ከሰው ሳንባ የሚወጣው አልኮል ግን በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይወሰንምና ደጋ ላይም ቆላ ላይም ያው ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው መተማ ዮሐንስ ቢወርዱ እውነተኛ ንባቡ 0.32 የሆነ፣ ከወሰኑ በታች ያለ አሽከርካሪ 0.41 ሆኖ ይታያል። ማረሚያው አስቸጋሪ አይደለም፤ የአየር ግፊት መለኪያና አንዲት ማባዣ ቁጥር ይበቃሉ። ማወቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እንደ ኢትዮጵያ ባለ ከተሞቹ በብዛት ደጋ ላይ በተቆረቆሩበት አገር ይህች እርማት ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማ መጻፍ የሚገባት ይመስለኛል።

በሌላው ዓለም የተከፈለ ዋጋ

ካሊብሬሽን ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ አገር መመልከት ይቻላል። በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2010 የፖሊስ መሣሪያዎች በተሳሳተ መንገድ በመስተካከላቸው ከእውነተኛው 20 በመቶ ገደማ ከፍ አድርገው ያነብቡ እንደነበር ተደረሰበት፤ ወደ 400 የሚጠጉ የጥፋተኝነት ውሳኔዎች በእነዚሁ ንባቦች ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በኒው ጀርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ20 ሺህ በላይ የትንፋሽ ምርመራዎች በማስረጃነት ተቀባይነት እንዳይኖራቸው ወሰነ። ጥፋቱ ምን ነበር? የካሊብሬሽኑን ፈሳሽ ሙቀት የሚለካ አንድ የተረጋገጠ ቴርሞ ሜትር ሥራ ላይ መዋል ሲገባው አልዋለም፤ ያም ሆኖ በሰነድ ላይ ሁሉ ነገር እንደተሟላ ተደርጎ ተፈርሟል። መሣሪያዎቹ በትክክል አንብበው ይሆናል። ማረጋገጫው ከሌለ ግን ፍርድ ቤቱ ሊያምናቸው አልቻለም። በዚህ ምክንያት ያልጠጡ ብቻ ሳይሆኑ በእርግጥ ጠጥተው የነዱም አብረው የመከራከሪያ በር አግኝተዋል።

የትኛውም መሣሪያ ፍጹም አይደለም። ለማስረጃነት የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሥነ ልክ ደረጃ ለአዲስ መሣሪያ የሚፈቅደው ስሕተት 0.02 ሚሊ ግራም ወይም 5 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። እውነተኛው 0.40 ቢሆን መሣሪያው ከ0.38 እስከ 0.42 ቢያሳይ ጥፋት አልሠራም ማለት ነው። ስለዚህ 0.41 ያሳየ ሰው ከወሰኑ በላይ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ 0.70 ያሳየው ላይ ግን ጥርጣሬ የለም። ብሪታንያ ይህን የፈታችው በሁለት ብልኃት ነው። ሕጋዊ ወሰኑ በ100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ 35 ማይክሮ ግራም ሆኖ ሳለ ፖሊስ ከ40 በታች ያለውን ለክስ አያቀርብም ነበር፤ ለማስረጃም ሁለት ጊዜ አስነፍታ ዝቅተኛውን ትወስዳለች። መንገድ ላይ የሚደረገውንና ጣቢያ ውስጥ የሚደረገውን ምርመራም ትለያለች። የመጀመሪያው ለመጠርጠር፣ ሁለተኛው ለመክሰስ ያገለግላል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ምርመራው ይቅር» እንዳይል ሌላውም ወገን መነገር አለበት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1967 የትንፋሽ ምርመራን በሕግ ስትጀምር በመጀመሪያው ዓመት በመንገድ ላይ የሞቱ ሰዎች ቁጥር ከ1 ሺህ 100 በላይ ቀንሷል። ቦርከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1964 በግራንድ ራፒድስ ከተማ ያደረገው ጥናት በሊትር ደም 0.6 ግራም አልኮል ያለበት ሰው የአደጋ ዕድሉ በእጥፍ፣ 1 ግራም ያለበት ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ፣ 1.5 ግራም ያለበት ደግሞ በ25 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። በአገራችንም አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከታቀፉት 10 የዓለም ከተሞች አንዷ ሆና ጠጥቶ ማሽከርከርን በትንፋሽ መሣሪያ መቆጣጠርን አስፋፍታለች።

ስንት ጠርሙስ? ስንት መለኪያ?

አሽከርካሪዎች በብዛት የሚጠይቁት ይህን ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ኤሪክ ቪድማርክ ባስተዋወቀው ስሌት 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ በሊትር ደም 0.8 ግራም ላይ የሚደርሰው 38 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ሲጠጣ ነው። 5 በመቶ አልኮል ባለው ቢራ ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ መሆኑ ነው። የጠመቃ ቤቱ ጠላ 4 በመቶ ከሆነ 1.2 ሊትር፣ ጠጁ 10 በመቶ ከሆነ ግማሽ ሊትር ያህል፣ አረቄው 40 በመቶ ከሆነ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሴቶች በአካላቸው ያለው የውኃ ድርሻ አነስ ያለ ስለሆነ በአነስተኛ መጠን እዚያው ይደርሳሉ።

ችግሩ «ከሆነ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የቢራ ጠርሙስ መጠኑ ተጽፎበታል፤ ጠላና አረቄ ግን አልተጻፈባቸውም። የአንዷ ጠማቂ ጠላ ከሌላዋ በእጥፍ ሊበረታ ይችላል፤ የመጀመሪያው አረቄና ዘግይቶ የሚንጠባጠበውም አንድ አይደሉም። በማሽላ ጠላ «ሦስት ጣሳ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል ሰው ስለ ደሙ ምንም አልተናገረም። ስለዚህ ከላይ ያለውን ስሌት «እስከዚህ ድረስ መጠጣት ይፈቀዳል» ብሎ መያዝ አያዋጣም።

ብዙዎችን የሚያስይዘው ደግሞ ማግሥቱ ነው። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በዝግታ ነው፤ በሰዓት በሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል፣ ቢበዛ 0.2። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ውኃም፣ እንቅልፍም አያፈጥኑትም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 2 ግራም ደርሶ የተኛ የአይሱዙ አሽከርካሪ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሰሊጥ ጭኖ ሲነሣ 1.1 ግራም ይዞ ይነሣል። እርሱ በእንቅልፉ እንዳረፈ ይሰማዋል። መሣሪያው ግን ተሳስቶ አይደለም፤ ወሰኑን አልፏል ቢለው እውነቱን ነው።

መሣሪያው ጨርሶ የማያየውም አለ። ጫት አያይም፤ ድካምም አያይም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው 0.5 ግራም አልኮል በሊትር ደሙ ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል፣ 24 ሰዓት የቆየው ደግሞ ከ1 ግራም ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። በአጨዳ ወቅት ጫት እየቃመ ሁለት ሌሊት ያደረ አሽከርካሪ ንጹሕ ዜሮ ነፍቶ ሊያልፍ ይችላል። የትራፊክ ፖሊሱ የሰዓት ጥያቄ፣ ማለትም «መቼ ተነሣህ? መቼ ተኛህ?» የሚለው፣ እዚህ ላይ ከመሣሪያው ይበልጣል።

በመንገድ ላይ ሲቆሙ

የሚመረመር አሽከርካሪ ምርመራውን እንቢ ከማለት ይልቅ አሠራሩን መመልከት ይጠቅመዋል። አፍ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ አዲስና ከመጠቅለያው የወጣ መሆን አለበት። ከመንፋት በፊት መሣሪያው ዜሮ ማሳየቱን ማየት ይቻላል። በቅርብ የጠጣ፣ መድኃኒት የወሰደ፣ ያስመለሰ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ከመንፋቱ በፊት ይናገር፤ ንባቡ ከወጣ በኋላ የሚነገር ነገር ሰበብ ይመስላል። ንባቡ ከወሰኑ በላይ ከሆነ ከ15 ደቂቃ ቆይታ በኋላ ሁለተኛ ምርመራ እንዲደረግለት መጠየቁ ተገቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ የመጀመሪያው የአፍ አልኮል እንደነበረ ይጠረጠራል። ውጤቱን የማይቀበል ከሆነ ደሙ በጤና ተቋም እንዲመረመር ሳይውል ሳያድር ይጠይቅ፤ በእያንዳንዱ ሰዓት 0.15 ግራም ይጠፋልና ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚቀዳ ደም የሌሊቱን ነገር አይናገርም።

መርማሪውም መሣሪያውን በጥላ ሥር ቢያቆይ፣ የካሊብሬሽኑ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አብሮት ቢኖር፣ የተመረመረበትን ሰዓትና ቦታ፣ የሁለቱን ንባቦች ቁጥር፣ የአየሩንም ሙቀት ቢመዘግብ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚጠቀመው እርሱ ራሱ ነው። በመተማ ዮሐንስ ቀትር ላይ የተወሰደ ንባብ እና ከነጋዴ ባሕር በላይ በሌሊት ብርድ የተወሰደ ንባብ በአንድ መዝገብ ላይ ሲቀርቡ ዳኛው ቀድሞ የሚጠይቀው መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተመሳከረው መቼ፣ የትና በምን እንደነበረ ነው።